አሥራ አራት ቁጥር

መብራት ጠፍቷል እንደገና፤
የሚሰማው የውሻ ጩኸት ነው፣ ከማዶ፣ ከቦርከና።
ሠላሳ አንድ ፐርሰንት ባትሪ ቀርቶኛል፣
ጥጉ የተሰነጠቀ ታብሌት ጉልበቴ ላይ ያበራል።

ሳጥን ከሳጥን በገመድ አስራለሁ
(ገመዱም ሥዕል ነው፣ በጣቴ እስባለሁ)፤
ከአንዱ ድምፅ ይወጣል፣ ሌላው ያጣራዋል፣
ሦስተኛው ያዘገየውና መልሶ ይጠራዋል።
ከበሮ ሞልቶታል፣ ንጹሕ፣ የታጠበ፣
አንዱም ግን የእኛን ግድግዳ ያልነካ፣ አቧራ ያልጠገበ።

ስለዚህ ማክሰኞ የማታ ፈረቃ ስገባ ቀዳሁት፤
የሽመናውን ክፍል ጩኸት በስልኬ፣ በጋዋን ኪስ ደበቅሁት።
ቆራርጬ፣ አሥራ ስድስት ቤት ላይ ዘርቼ፣
አራተኛውን ባዶ ትቼ፣ ሰባተኛውን ደግሜ መትቼ፣
ከላዩ አምባሰል ልጨምር ብል ኪቦርዱ እምቢ አለኝ፤
ሁለቱን ድምፅ በጥቂት፣ በጣም በጥቂት ዝቅ አድርጌ አባበልሁት፤
እሺ አለኝ።

አባቴ አልተኛም።
ይመር መፍቻ ይሉታል፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ማሽን ሲፈታ ሲገጥም
ግራ ጆሮውን ማሽን በልቶት፣ አዛን እንኳ አጥርቶ አይሰማም።
በቀኙ ማዳመጫውን ሰካሁለት፤
«የኔ ሥራ ነው» አልሁት።
ዝም። ፊቱን አጨማደደ፣ ትንፋሽ እንደሚያዳምጥ ሐኪም።
ከዚያ፣
«ይቺማ» አለ፣ «አሥራ አራት ቁጥር ናት፤
ቀበቶዋ ላልቷል። ማነው ባለፈረቃው፣ ለምን አያጠብቃት?»

ላጠብቃት እችል ነበር፤
የአንድ ጣት ሥራ ነው፣ ምቱን መስመር ማስያዝ።
እጄን ሰበሰብሁ።
ሐረጎ ላይ የጭነት መኪና መብራት እየተጠማዘዘ ይወርዳል።
«ድገሚው» አለኝ።
ዘጠኝ ፐርሰንት።
ደገምሁ።