ጨረቃና ዝናብ

ኪርያት ጋት፣ ፍርድ ቤቱ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣
ሦስት ሆነን ተቀምጠን፣ ተራችን እስኪታይ፤
አባ ቢያድግልኝ በከዘራ ታግዘው፣
ሂላ የልጅ ልጃቸው ዓይኖቿ ፈዝዘው፣
እኔም በመካከል፣ አስተርጓሚ ተብዬ፣
በሰዓት የምከፈል፣ ባጅ አንገቴ ላይ ሰቅዬ።

መዳፍ የምታህል ሣጥን ይዛለች ልጅቷ፤
ትከፈታለች እንደ መጽሐፍ፣ ሁለት ገጽ ናት ስክሪኗ።
በውስጧ ችሎት አለ። ዳኛው ጺሙ ረዥም፣
መዶሻ ይመታል እንጂ ነገሩን አያውቅም፤
ዐቃቤ ሕጉ ባለ ጓንት፣ ጠበቃዋ ጀማሪ፣
ጉልበቷ ተብረክራኪ፣ ጣቷ ግን ተናጋሪ።
ሰዓት ሠሪው ሞቷል። ተከሳሿ አበባ ሻጭ።
አንድ ጎረቤት ብቻ ነው ምስክርነት ሰጭ።

"ምንድን ነው የሚባባሉት?" አሉ አባ አንገት አስግገው።
ጨዋታው በእንግሊዝኛ፤ ሂላ በዕብራይስጥ ትነግረኝና
እኔ ወደ አማርኛ፣ ያለ ክፍያ፣ ያለ መሐላ፣
ነጠላ ሰረዝ ሳላጓድል፣ ከአንዲት ልጅ ኋላ።

ምስክሩ እንዲህ ይላል፦ "ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ፤
ዶፍ ነበር፣ ጎርፉ ከደጄ እስከ ድልድዩ ተሳበ።
በመስኮቴ ሳይ ግን፣ በጨረቃዋ ብርሃን፣
አየኋት አበባ ሻጯን ስትዘጋ በሩን።"

ሂላ ቸገራት። ከአምስቱ ዕድል አራቱን ከስራለች፤
ቢላዋውን አሳየች፣ ደብዳቤውን አሳየች፣
ዳኛው ራሱን ነቀነቀ።

አባ ግን ተነሡ። ኮታቸውን እንደ ኩታ አጣፉት፣
ከዘራቸውን ወደ ስክሪኑ ዘረጉት፦
"በልሃ ልበልሃ! ተጠየቅ!
ዶፍ ከጣለ ደመና አለ፣ ደመና ካለ ሰማይ ድፍን፤
ጨረቃዋ የት ቆማ አበራች? ዣንጥላ ይዛ ይሆን?"

ዘበኛው ቀና አለ። ሂላ ሣቋን ለቀቀች፣
የአየሩን መዝገብ መርጣ ቁልፏን ተጫነች፤
ስክሪኑ ተናወጠ፣ ሙዚቃው ዘለለ፣
ምስክሩ ላብ በላብ፣ ባርኔጣው ወድቆ "እ... እ..." አለ።

"ሳባ፣ ጠበቃ ነበርክ?" ተረጎምኩ።
"ኧረ ሸማኔ ነኝ። ገበያ ስወርድ ግን
ዋርካው ሥር ሙግት ካለ፣
ሸማዬ ሳይሸጥ ቀኑ እንዲያው ዋለ።"

ከዚያ ስማችን ተጠራ።
ክፍሉ ጠባብ። ዳኛዋ ወጣት፣
ዓይኗን ከኮምፒውተሩ የማትነቅል ሴት።
ጉዳዩ፦ የጣሪያ ፍሳሽ። ከላይ ያለው ጎረቤት
"ቧንቧዬ ደኅና ነው" አለ፣ "ዝናብ ነው ያበላሸው ቤት።"

አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሦስት ሳምንት ያሰናዱት፣
በዳኛ ምስጋና የሚጀምር፣ ቃል በቃል የሸመኑት፦
"በአርማጭሆ በነሐሴ ሰማይ ይቀደዳል፤
እዚህ በነሐሴ ሰማዩ ብረት ሆኖ ይግላል።
ጎረቤቴ፣ ተጠየቅ! የቤቴ ፍሳሽ ነሐሴ ነው የጀመረው፤
የየትኛው አገር ዝናብ ነው እኔ አልጋ ላይ የወረደው?"

"ባጭሩ፣" አለች ዳኛዋ።
ጥለቱን ቀደድኩና ድሩን ብቻ ሰጠኋት፦
"ፍሳሹ የጀመረው በነሐሴ ነው" አልኳት።

ዓይኗን ቀና አደረገች። ያ ብቻ።
ምንም አልተናወጠ። ጎረቤቱ ስልኩን አየ።
"ውሳኔው በፖስታ ይላካል።"
ስምንት ደቂቃ።

ኮሪደሩ ላይ አባ ስለ ራሳቸው አልጠየቁም።
"ያቺ አበባ ሻጭ፣" አሉ፣ "ተፈታች?"
"ባትሪው አለቀ፣ ሳባ።"
ተረጎምኩ።
ቆም አሉ። "ታዲያ እንዲሁ እስር ቤት ልታደር? ያለ ጥፋቷ?"

ከዘራቸው በግድግዳው ሥር ሥሩን ሶኬት ይፈልጋል፤
ዘበኛው "ልንዘጋ ነው" ይላል።