መቀርቀሪያ

ጽሕፈት መኪና ነበር እንጀራዬ ድሮ፤
ፊደሉ ሲያነክስ፣ ጥርሱ ተሸርሽሮ፣
ከሲኒማው ጀርባ፣ ፒያሳ ቁልቁለት፣
ይዞት ይሮጥ ነበር ነገ ችሎት ያለበት።

አንዱ ራፖር ጸሐፊ፣ ዕዳው ሲጠናበት፣
በጆንያ ጠቅልሎ ውጅግራ አመጣልኝ።
"ቃታ የላትም" አለ፣ "ካባቴ ተርፋልኝ፤
መክፈያ አትሆን እንደሁ፣ በትር አድርግበት።"
በነጭ ጋዝ፣ በጨርቅ ዝገቷን ስፈትገው
አራት አኃዝ ወጣ ከጎኗ ፍንትው፦
ስድሳ ሁለት፣ ዜሮ ሰባት።
ስም ነው ብዬ ያዝኩት፤ በልቤ ጠራኋት።

ሌላውን ሰው መጠጥ፣ ወይ ካርታ ይይዘዋል፤
እኔን ብረት ያዘኝ።
አልቢኑን ሰባራ ባቡር አገኘሁት፣ የአልጋ እግር ሆኖ፤
ምንሽሩ ደጃች ውቤ፣ መጋረጃ ተሸክሞ ኖሮ
ወገቡ ጎብጧል።
እዚህ ከተማ ውስጥ ጠመንጃ ጡረታ የለውም፣
ቤት ያገለግላል።

ልጄ ትርሲት፣ "አባባ፣
እንግዳ ቢመጣ የት ይቀመጥ?" ትላለች።
ሃምሳ አለቃ ቶላም በየመስከረሙ
ፈቃዱን ሊያድስ፣ ሊቆጥር ሲመጣ፣
"መርፌያቸው ወጥቷል?" ይላል።
"ወጥቷል።"
"ካልተኮሱ ታዲያ ምን ይሠሩልሃል?"
"ቁጥራቸውን አነባለሁ" ስለው፣
ቆቡን አውልቆ ራሱን ያካል።

ሃያ ሁለት ዓመት ያችን ቃታ ፈለግሁ።
ምናለሽ ተራ ላይ፣ ከቆራሌው ክምር፣
ጥፍሬ እስኪጠቁር ብረት አገላበጥሁ።
የሌላ ቁጥር ሞልቷል፤ ይገጥማልም፤
ግን የሰው ጥርስ ነው፣ አፍ ይሞላል እንጂ
አይስቁበትም።

አንድ ሐምሌ ማታ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣
ዝናብ አሳድዶኝ ከሰው ጣራ ሥር፣
በሩ ገርበብ ብሎ፣
አየኋት።
ከመቃኑ ጋራ በሁለት ቀለበት ታስራ፣
ክብ ራሷ በእጅ ብዛት አብርታ፣
መቀርቀሪያ ሆና።
አውራ ጣቴን በምራቅ አርሼ ጠረግኋት፦
ስድሳ ሁለት፣ ዜሮ ሰባት።

"ያሉትን ልክፈል" አልኩ፣ ድምፄ እየተርገበገበ።
እትዬ ማንያህልሻል አዩኝ። "ልጄ፣" አሉ፣ "እረፍ።
በዚያ በክፉ ቀን፣ ሌሊት ሊወስዱት
በሩን በሰደፍ ሲደበድቡት፣
ይቺ ናት የያዘች፣ የበኩሬ እግር በጓሮ እስኪያልፍ።
ያንተዋ ጠመንጃ ስንት ሰው አተረፈች?"
መልስ አልነበረኝም።
ዝናቡ አባርቶ ኖሯል፤ እኔ ግን ቆሜያለሁ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ።
የመኪናውን ዘይት በጠብታ አጠጣታለሁ።
"ጠያቂሽ መጣልሽ" ይሏታል፣ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ።
እኔ አልገዛ፣ እሳቸው አይሸጡ፤
አንዳንዴ የወጥ ድስት ያስከድኑኛል፣
አንዳንዴ የተቃጠለ አምፖል ያስቀይሩኛል።

ዘንድሮ ግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ፤
ለቤቶቹም ቁጥር ወጣላቸው።
ግንቦት ማለቂያ ላይ፣ ዶዘሩ ሳይገባ፣
በጥቁር ፌስታል ቋጥረው ከደጄ መጡ።
"አዲሱ ቤት" አሉ፣ "የቻይና ቁልፍ አለው፤
ሦስቴ ይዞራል፤ እኔ እንደሁ አላምነው።
እሷ ግን ያለ በር ብቻዋን ምን ታድርግ?
እንካ።"
መዳፋቸው የኔን ዘይት ይሸታል።

ማታ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በሻማ ገጠምኋት።
ገባች። ዞረች። ቀጭ አለች።
የጠመንጃ ድምፅ አይደለም፤
ከውስጥ ሆኖ ሰው በሩን የዘጋ ነው የሚመስል።
ትንፋሼን ያዝኩ፤
በጓሮ የሚሮጥ እግር የሰማሁ መሰለኝ።

መስከረም ላይ ቶላ መዝገቡን ገለጠ።
"ቃታ ገብቶላታል፤ አሁን ምን ልበላት?"
"በር በላት።"
እስክሪብቶውን ነክሶ ብዙ ቆየ።
ከዚያ፣ ሳይስቅ፣ ጻፈ።