ሲሮጡ የታጠቁት

ጁቤል፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል፤
ባሕሩ ባይታይም ወበቁ ደርሶናል፣
ቱታዬን ከቆዳዬ አጣብቆ ሰፍቷል።
ፋብሪካው ለጥገና ከቆመ ዐሥር ቀን አለፈው፤
ነገ ጎሕ ሲቀድ ነው እንፋሎት የሚያልፈው።

ካቦዬ ኩንጁሞን፣ የኬረላ አዛውንት፣
ቧንቧን በጆሮው ነው የሚያውቀው፣ ሐኪም እንደሚያዳምጥ ደረት፤
ዛሬ ግን ጨንቆታል፤ አሯሩጦታል ሰዓት።
«የድሮው ፍላንጅ ተሰንጥቋል፤ ሂድና ምረጥ» አለኝ፤
ባትሪውን አቀብሎ መጋዘን ከተተኝ።

ባትሪዬን በጥርሴ ይዤ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣
አንድ ባንድ ዳሰስኋቸው ወደ ብርሃን አቅርቤ።

ባለ ጥርሱ ቀላል ነው፤ ጠምዝዘው ያስገቡታል፣
ፍንጣሪ በሚፈራበት፣ ያለ እሳት ያስሩታል።
ለቀጭን ውሃ ደግ ነው። ግን ሙቀት ሲፈራረቅበት
እንደ ሐሜት ጠብ ይላል ከጥርሶቹ መሐል፣ ሳይሰሙበት።

ልል ቀለበቱን አየሁ፤ አንገቱ ላይ ይሽከረከራል፣
ቀዳዳ ከቀዳዳ እስኪገናኝ ይታገሣል፤
በየወሩ ለሚፈታ መስመር እሱን የሚያህል የለም።
ብቻ ወገብ የለውም፤ ቧንቧ ሲወዛወዝ አይችልም።

ከጥግ ዕውሩ ተደግፏል፤ ደረቱ ድፍን ሰሌዳ፣
የመጣውን የሚመልስ፣ መሐሉ ያለ ቀዳዳ።
መንገድ መዝጊያ ይመስላል፤ እኔ ግን እወደዋለሁ፤
ነገ ለሚቀጠል ቧንቧ፣ ገና ላልተወለደ፣ ሲጠብቅ አየዋለሁ።
ለዛሬ ግን አይሆነኝም። አለፍሁት።
ቀሩ ሁለት።

ተንሸራታቹ ዘጠኝ ነው፣ ቅባቱ እንኳ አልደረቀ፤
ቧንቧው እንደ ክንድ በእጅጌ ሰተት ይልና አለቀ፣
ከውስጥ አንድ ዙር ብየዳ፣ ከውጭ አንድ ዙር ብየዳ፣
ርካሽ፣ ቀሊል፣ ፈጣን፤ ለቸኮለ ሰው ያለ ዕዳ።
ባለ አንገቱ አንድ ብቻ፤ ከበድ ያለ፤ እንደ ገንቦ አንገት
ከውፍረት ወደ ቅጥነት የሚወርድ በዝግታ፣ በስሌት፤
ቧንቧውን ፊት ለፊት፣ ከንፈር ለከንፈር ይገጥማል፤
በያጁን አራት ሰዓት፣ ራጁን አንድ ሰዓት ይጠይቃል።

እጄ ወደ ዘጠኙ ሄደ። አልዋሽም። ሄደ።
ከዚያ ይማም ትዝ አለኝና ልቤ ወደ ኋላ ነጎደ።

የሐርቡው ይማም፤ አምና፤ እንዲሁ በጥድፊያ በታሠረ መስመር
ፉጨት ሰማ። የጋለ እንፋሎት ጭስ የለው፤ አየር ነው በአየር።
መጥረጊያ ዘርግቶ ነው የሚፈለግ፤ እንጨቱ ሲቆረጥ ይታወቃል።
ይማም መጥረጊያ አጣ።
በመዳፉ ፈለገው።

ባለ አንገቱን ታቅፌ ወጣሁ፣ እንደ ሕፃን በደረቴ።
ኩንጁሞን አየኝ፣ ሰዓቱን አየ፤ «አብደሃል ወይ?» «አዎ፣ አባቴ።»
በተሰባበረ ዐረብኛ ተረት ልተርት ሞከርሁ፤
«ሲሮጡ የታጠቁት...» ብዬ፣ «ይፈታል» የሚለውን ቃል አጣሁ፤
ቀበቶዬን ፈትቼ፣ ጥቂት ሮጥሁለት፣ ሱሪዬን በእጄ ይዤ።
ሮሜል በያጁ በሳቅ ፈነዳ፤ እኔ ቀረሁ ፈዝዤ።
ኩንጁሞን አልሳቀም። ይማምን ሆስፒታል የወሰደው እሱ ነበር።
«ጭንብልህን ልበስ» አለው ሮሜልን፤ ሰማያዊ ብርሃን ይንር ጀመር።

ጓርኒሲዮኑን አስገባን፤ ስምንት ቡሎን።
አንድ፤ ከዚያ አምስት። ሦስት፤ ከዚያ ሰባት።
ጎረቤቱን ተሻግሮ ማዶውን ማጥበቅ ነው ሥርዓት፤
እንደ ተጣሉ ወንድማማቾች፣ ትንሽ ካንዱ፣ ትንሽ ካንዱ፣
እስኪነካኩ ድረስ ሁለቱ ፊቶች፣ ሳይጎዱ።

ፀሐይ ከባሕሩ ወጥታ ከፍ አለች፤ አራት ሰዓት ዘገየን።
እንፋሎቱ ገባ። ቧንቧው ተንጠራራ፣ ተንቋቋ፤ ጸጥ አልን።
ኩንጁሞን መጥረጊያ ሰጠኝ።
በፍላንጁ ዙሪያ አዞርሁት፣ ቀስ ብዬ፣ ሦስት ጊዜ።
እንጨቱ እንዳለ ነው።

ካቦው ቅጹን አወጣ፤ «የመዘግየቱ ምክንያት» በሚለው ክፍት ቦታ
አንዲት ቃል ጻፈና ወደ ሻዩ ሄደ በዝግታ።
ጠጋ ብዬ አነበብሁ፤
«አንገት።»