ተነግሯል

ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት፣ መብራት የጠፋ ዕለት፣
ወንበሬን ጎትቼ ተጠጋሁ ወደ መስኮት፣
መዝገቡን ፈታሁት፣ ቀይ ክር የታሰረበት።
«ግብጦን ከምሬቱ የማላቀቅ ስልት፤
የመብት ጥያቄዎች ብዛት፦ አራት።
አመልካች፦ ሞላልኝ እንዳላማው፣ ከዚሁ ከተማ፣ ቀበሌ ሦስት።»

እኔ መርማሪ ነኝ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣
የሻጋታ፣ የእርሾ፣ የባክቴሪያ ዳኛ፣
ደመወዜ ከሃያ ቀን በላይ ቤቴ የማይተኛ።
«ሥራህ ምንድን ነው?» ለሚለኝ ጎረቤት
«አዲስ ነው፣ አይደለም፣ ይህን መለየት»
ስለው ይስቅብኛል፤ «ለዚህም በጀት?»

ይሳቅ። ሙያውን ግን ከዲግሪዬ በፊት
የኔታ ልሳነወርቅ ናቸው ያስያዙኝ፣
ከቢቸና ማዶ፣ ከጥዱ ጥላ ሥር፤
ዓይናቸው የፈሰሰ፣
ጆሯቸው ግን ጎተራ፤ የአገር ቅኔ ሁሉ እንደ ዘር
ተከቶ የሚኖር።

ቀን ስቆጥር ውዬ፣ ማታ ስነግራቸው፣
ሁለተኛው ቤት ሳያልቅ ይነሣል እጃቸው፤
«ተነግሯል።»
«የማን ነው የኔታ?»
«የአንድ አንካሳ ዳሞቴ፣ ለኪዳነ ምሕረት ማታ፤
ልጅ ሆኜ ሰምቸው ነበር፣ ቆሜ ከደጀ ሰላሙ ተርታ።»
ወረቀት የለበት፣ ቀን የለው፣ ማኅተም፣
ግን ተነግሯልና ዳግም አይነገርም።

አንዴ ክብር ይእቲ ይዤ ቀረብሁ፣ አራት ቤት፤
ሦስቱን «ተነግሯል» አሉኝ፣ አለቀስሁ በዚያች ሌሊት።
ጠዋት ግን አስጠሩኝ፦ «አራተኛዋ ያንተ ናት፤
እሷን ይዘህ ሂድና ሦስት እኅት ፈልግላት።»

መብራት መጣ። ፈለግሁ በጃፓን፣ በጀርመን፣ በቻይና ቋት፤
ኮምፒውተሩ ደጋግሞ፦ «አልተገኘም ውጤት»።
አንደኛው ጥያቄ፦ ፍሬውን ቆልቶ መቀቀል፤
ሁለተኛው፦ በሳሳ ከረጢት ቋጥሮ፣ ድንጋይ ጭኖ ማኖር ከወንዝ ደለል፤
ሦስተኛው፦ በሚፈስ ውኃ አራት ቀን መተው፤
አራተኛው፦ አንዲት ባክቴሪያ፣ ከጭቃው የተለየች፣
ምሬቱን በአንድ ሌሊት የምትጨርሰው።

እስክሪብቶዬን ከድኜ ወረድሁ ወደ ጨሞጋ።

ከአሃያው ሥር ገመድ፤ ከገመዱ ጫፍ ስድስት ከረጢት፣
እትዬ ባንቺይርጋ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ውኃ ውስጥ እስከ ባት።
«ስንት ቀን ይቆያል?»
«አራት ነው። ካልጣፈጠ አምስት።»
«ማን አስተማረዎት?»
«ውኃው ነዋ! ሌላ ማን አለ?»
አንድ ፍሬ አውጥተው አጎረሱኝ፤
ገና ሁለተኛ ቀኑ ነበር፣ ምላሴ ተቃጠለ።
ሳቁ፦ «መንግሥት ሲቀምስ ይቸኩላል!»

ከዚያ ሳልጠይቃቸው፦
«ልጄም እንዳንተው ነው፣ ጥያቄ አያልቅበትም፤
እዚችው ድንጋይ ላይ፣ በጠርሙስ ጭቃ ሲቀዳ፣
ሁለት ዓመት ሙሉ አልሰለቸውም።
‹እማዬ፣ አራቱን ቀን አንድ አደርግልሻለሁ፣
ወገብሽ ይረፍ› ይለኛል፣ ሞላልኝ።»
ስሙን ስሰማ ውኃው ከጫማዬ አልፎ ቀዘቀዘኝ።

መዝገቡ ከብብቴ ነበር። አልነገርኋቸውም።
ሕጉ ስለሚከለክል ነው ብል ግማሹ እውነት፤
ግማሹን አላውቀውም።

ማታ ጻፍሁ፦ «ቀዳሚ ዕውቀት፤ በአፍ የተነገረ፣ በእጅ የተሠራ፤
ምንጭ፦ ወይዘሮ ባንቺይርጋ፣ ጨሞጋ ወንዝ፣ ከአሃያው በግራ።»
እናትን በልጇ ላይ ጠቅሼ፣ ሦስቱን ሰረዝሁ።
ከአራተኛው ሥር እጄ ሳይታዘዝ «ያንተ ናት» ብዬ ጻፍሁ፤
አጠፋሁት። ቅጹ እንዲህ ያለ ቃል አያውቅም።
«አዲስነት፦ አለው» ብዬ ፈረምሁ።

አለቃዬ ነገ ይለኛል፦ «‹ገጽ› የሚለው ሣጥን ባዶ ነው።
የት ታትሞ ነው?»
ገጽስ አይቻለሁ፤ ፀሐይ ያጠቆረው፣ ውኃ የረጨው።
ቁጥሩን ግን ምን ልበለው?