ግድግዳው ስስ ነው

አባዶ ሳይት ላይ አራተኛ ፎቅ ነን፤
ውኃ ሐሙስ ሌሊት ነው የሚጎበኘን።
"ምረጡን" እያለ መኪናው ሲያልፍ
አቧራው ይቀራል በልብሳችን ጫፍ።

ሚልክያስ ወስኗል፤ ቲሸርት ሰጥተውታል፣
(ቀለሙ በአንድ እጥበት ሙልጭ ብሎ ለቋል።)
አያንቱ ካባቷ ተኳርፋ ከርማለች፣
እሱ የሚጠላውን እመርጣለሁ አለች።

እኔ?
አሥራ ስምንት ዓመት ከሞላኝ ሁለት ወር።
የማውቀው ፖለቲካ
አባዬ የዜናውን ድምፅ ሲቀንሰው፣
እማዬ ስትቆጣ፣ "ግድግዳው ስስ ነው!"

አንድ ሐሙስ ሌሊት ግን፣ በጀሪካን ተራ፣
ወረቀት የምታድል ልጅ ቆመች ከኔ ጋራ።
"ውኃው መች ይገባል?" ብዬ ጠየቅኳት።
"አላውቅም" አለችኝ። ሌላ ቃል አልነበራት።
ከመድረክ ሰምቼው አላውቅም ይህን ቃል፤
ደረጃውን ስወጣ ይከተለኛል።
የሰጠችኝን ወረቀት ለክዳኑ ወተፍኩት፤
ቤት ስደርስ ረጥቧል፣ ምልክቱን አጣሁት።

በምርጫው ማለዳ፣ ከመጋረጃው ኋላ፣
እንጉዳይ ነበረ? ወይስ ጃንጥላ?
እስክሪብቶው በሲባጎ ታስሯል፤ እኔም ቆምኩኝ፣
"ቶሎ በይ" የሚል ሳል ከውጭ ሰማሁኝ።
አንዱ ላይ ጫርኩ።

ስመለስ እማዬ የጣቴን ቀለም አይታ
"ማንን?" አለችኝ በሹክሹክታ።

ግድግዳው ስስ ነው፣ አልኳት።