ሰሌዳ የሌለው ጭነት

እሁድ ከሰዓት ነው፤ ድሬ በሯን ዘግታ፣
በበርጫ ዝምታ፣ በጥላ ተኝታ፣
ከሲሚንቶ ፋብሪካው፣ ከኋለኛው በር፣
እኔና አው ዚያድ፣ ባስኩላዋ፣ አንድ እግሩ የላላ ወንበር።

በእጄ ያለችው ሣጥን የሲጋራ ፓኬት ታክላለች፤
በአንድ ጎኗ ዘጠኝ ቀዳዳ፣ በሌላው የኔትወርክ ገመድ ጎርሳለች።
ሥራዋ ማስተርጎም ነው፦ የባስኩላዋን የድሮ ቃል ሰምታ
ለሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር መንገር፣
ያለ አንዳች ወሬ፣ ያለ ሰላምታ።
እስከ ዓርብ ድረስ ይህ የአው ዚያድ እግር ነበር።
ወረቀቷን አጥፎ ኮፍያው ውስጥ እየከተተ፣
በዚያ አቧራ፣ በዚያ ንዳድ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በየበሩ «አሰላሙ አለይኩም» እያለ።

መመሪያው እንዳለኝ ሞላሁ፦
ፍጥነት፣ ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ፤
ስምንት ቢት፤ ፓሪቲ፣ የለም፤ ማቆሚያ፣ አንድ።
የመጣው ግን ሌላ ጉድ፦
ጥያቄ ምልክት፣ ባዶ ሣጥን፣ የተሰበረ ፊደል፣
ቅዳሜ ቀፊራ መሐል
በአምስት ቋንቋ ባንዴ የሚጠሩት የእንግዳ ሰው ጆሮ ይመስል።
አሥራ ዘጠኝ ሺህ አልኳት። ሠላሳ ስምንት ሺህ።
በፈጠንኩ ቁጥር ባሰባት።

«አቦ፣ አትሩጪባት!» አለ አው ዚያድ፣ ከጫቱ ቀና ብሎ፤
«ይቺ የድሮ ሰው ናት።
እኔ አንድ ቢስሚላህ እስክል
እሷ አንድ መስመር ትጽፋለች፤
አንቀዳደምም።»

የድሮዋን ማተሚያ ሰካላት።
ጥርርር። ቢስሚላህ። ዝም።
ሰዓቴን ያዝኩ፤ አንድ ሰከንድ። ደግማም አንድ ሰከንድ።
ፊደሉን ቆጠርኩ፤ ከነክፍት ቦታው ሠላሳ።
ለእያንዳንዱ ፊደል አሥር ቢት ቢደርሰው፣
አንዱ «ልጀምር» ሲል፣ አንዱ «ጨረስኩ» ሲል፣
ሰባቱ ራሱ ቃሉ፣
አንዱ ደግሞ ምስክር፣
ሦስት መቶ!
በዚህ ዘመን ሦስት መቶ!
ከሽንሌ ወተት ጭኖ የሚመጣ ግመል እንኳ ይቀድማታል።

ሞላሁት። ምስክሩ ቀረ።
የምስክሩ ሥራ መቁጠር ነው፤
በፊደሉ ሆድ ያሉትን አንዶች ደምሮ
ጥንድ ናቸው ወይስ ጎዶሎ ማለት፣
መንገድ ላይ አንዱ ቢወድቅ «ሐሰት!» ብሎ መጮህ።
«ጎዶሎ ይሆን ጥንድ?» አልኩ፣ ለራሴ።
«ምኑ?»
«ምስክሩ።»
«ምስክርማ ጥንድ ነው» አለ፣ ምን እንደጠየቅኩ ሳያውቅ፣
«ለኒካህም ለዕዳም ሁለት ነው።»
ጥንድ አልኩ።

ስክሪኑ ጠራ፤
ጎርፍ እንዳለፈበት የደቻቱ አሸዋ
ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ሆኖ ተኛ።
ዜሮ ግን ምን ያስረዳል? የሚመዘን ያስፈልጋል፤
በእሁድ የጭነት መኪና ከየት ይመጣል?

አው ዚያድ ከነሸበጡ ወጣ።
የስልሳ ቶን ብረት ላይ
አንድ ቀጭን ሽማግሌ ቆመ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ጭነት ሲመዝን
እሱ ግን አንድ ቀን ያልተመዘነ።
ባስኩላዋ በሃያ በሃያ ነው የምትቆጥረው፤
ትንሽ አመነታች፣
ከዚያ በዝግታዋ ተናገረች።

«ስንት ሆንኩ?»
«ስልሳ።»
«ከነኮፍያው?»
«ከነኮፍያው።»
ወደ ሒሳብ ክፍሉ አየ፣ ያንን እግሩ የሚያውቀውን መንገድ፤
«እዚያ ደርሷል?»
«ደርሷል።»
«እኔ እዚህ ቆሜ?»
ምንም አልመለስኩለት።

«አስቀምጥ» የምትለዋን ካልተጫንኩ
መብራት በጠፋ ቁጥር ሁሉንም ትረሳለች፤
መብራት ደግሞ፣ ያው መብራታችን ነው።
ተጫንኩ።

ሰኞ ጠዋት የሒሳብ ክፍሏ ልጅ፣ ኢክራም፣ ደወለች፦
«መዝገቡ አናት ላይ አንድ ነገር ገብቷል።
ሰሌዳ፣ ባዶ። ጭነት፣ ያልተገለጸ። ክብደት፣ ስልሳ።
ስህተት ነው አይደል? ልሰርዘው?»

«ተይው» አልኳት፣ «ልክ ነው።
ከነኮፍያው ነው።»