ረቂቅ

ዩኒቨርሲቲው መጽሐፍ አስነበበኝ፤
ዳኛ አልዶና ናቸው በእርሳስ የቀጡኝ።
ክላይፔዳ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ወደቡን በሚያይ መስኮት ጥግ፣
እዚያ ነው ሁለተኛ የተማርኩት ሕግ።

የሥራዬ ስም ረዳት ነው። ጠዋት መዝገብ እደረድራለሁ፤
ከሰዓት በሌላ ሰው ድምፅ እጽፋለሁ፤
«ፍርድ ቤቱ መርምሯል፣ ፍርድ ቤቱ አምኗል» እላለሁ።
ፍርድ ቤቱ እኔ ነኝ፤ ሃያ አምስት ዓመቴ፣
የቀይ ሥር ሾርባ የነካው ከረባቴ።
ስሜ ግን ከውሳኔው ግርጌ አይሰፍርም፤
ፊርማው የእሳቸው ነው። ረቂቅ ስም የለውም።

በኅዳር አንድ መዝገብ መጣ፣ ስስ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ፤
ተከሳሽ ስታሴ፣ ሰባ አንድ ዓመቷ፣ ከወሽመጡ ማዶ፣ በጭስ የደረቀ ዓሣ ሻጭ።
የሦስት ወር የመደብ ኪራይ አልከፈለችም ተብላ ተከሰሰች፤
መልስ ለመስጠትም አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ዘገየች።

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ቀላል መዝገብ ደስ ይላል።
አሥራ አራተኛው ቀን ሕግ ነው፤ አሥራ አምስተኛው ሌላ ዓለም ይሆናል።
«መልሱ ጊዜው አልፎበታል፣ አልተቀበልነውም» ብዬ
ባንድ ገጽ ቸነከርኩት፣ አራት ነጥቡን ምስማር አስመስዬ።

ዳኛዋ አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ።
እርሳሱን ግን አላነሡም፤ መስኮቱን እያዩ ጠየቁ፦
«ኤይማንታስ፣ ያን ቀን ነፋሱ እንዴት ነበር?»
ነፋስ! የትኛው አንቀጽ ላይ ነው የነፋስ ነገር?

«ሂድና ወደቡን ጠይቅ» አሉኝ። ሄድኩ በዝናብ።
የጀልባው ተረኛ ጣቱን እያራሰ ገለጠልኝ መዝገብ፣
የኔን ያህል ወፍራም፣ ዘይት የነካካው፤
ለዚያ ቀን በሰማያዊ እስክሪብቶ ሁለት ቃል ነው የሰፈረው፦
«ማዕበል። አልተሻገርንም።»

ተመልሼ ምስማሮቼን ነቀልኩ፣ አንድ በአንድ።

ተረቱ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።
ስታሴ መጣች፣ ተሰማች፣ ኮቷ እንደ ረጠበ።
ግን ኪራዩን አልከፈለችም ነበር፤ ውል ውል ነው፤ ተረታች።
ያንንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ማታ፣ ብቻዬን፣
እሾህ እንደሚለቅም ሰው ቃል እየለቀምኩ፤
የቱንም ብለቅም ጉሮሮ ላይ የሚቀር አይጠፋም።

በሳምንቱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዓሣ መጣ፣
ቆዳው ወርቅማ፣ ብጣሽ ወረቀት የተሰካበት፦
«ስላዳመጣችሁኝ።»
ኮሪደሩ በጭስ ታወደ። ጸሐፊዋ ዳቦ ልትቆርጥ ተነሣች።
ዳኛዋ «መልስ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።
ወሽመጤ ቁርጥ አለ፤ ወሽመጡን ልሻገር ወጣሁ።

ጀልባው ላይ ተቀመጥኩ፣ ዓሣው ጉልበቴ ላይ፣
የባሕር ወፎች እንደ ጠበቃ ሲጨቃጨቁ ከራሴ በላይ።
ፈረድንባት፤ አሁን ደግሞ ምስጋናዋን ልንመልስባት!
ምን ብዬ ላስረዳት?
ማዶው እስኪቀርብ አምስት ረቂቅ አሰናዳሁ በሆዴ፤
አምስቱንም ራሴ ሰረዝኩ፣ ያለ እርሳስ።

በሯን ከፈተች። ጋዜጣውን አየች፣ እኔን አየች፣
ቀጥሎ ከኋላዬ ጸጥ ያለውን ውኃ።
ዓሣዋን ተቀበለችኝ።
«እናንተስ» አለች፣ «በቀኑ ደረሳችሁ።»